በግምገማ ያልኩት፣ በችሎት የተነበበው

ግምገማ ውስጥ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ «አንቺው ራስሽ ነሻ ያልሽው!» ማለቱ አይቀርም። ብዙ ሰው ብሎኛል፤ የገዛ ወንድሜ ሳይቀር። ያንገበግበኛል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ያኔ ከኮሌጅ ከወጣሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነው። ፍቼ ተወልጄ ያደግኩ ልጅ፣ ዕጣ ወጣልኝና ካፋ ዞን ተመደብኩ። የሠራሁበት ጤና ጣቢያ ከቦንጋ ብዙም አይርቅም፤ ስሙን አልጠራም፣ አብረውኝ ከነበሩት ዛሬም እዚያው ያሉ ይኖራሉ። አካባቢው አረንጓዴ፣ ሰዉ ጨዋ፣ ዝናቡ ግን ማባሪያ የለውም። ጋዋኔን አጥቤ በፀሐይ ያደረቅኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ አብዛኛውን ጊዜ እርጥቡን ነው የምለብሰው።

እንግዲህ እኔ ምን ዓይነት ሰው ነበርኩ መሰላችሁ? ያስተማሩኝን አንድ በአንድ የምፈጽም፣ ካርድ ላይ ያየሁትንም ያደረግኩትንም ሳልጽፍ የማልተኛ ደረቅ ሴት። አብራኝ የምትሠራው ሲስተር ብርቅነሽ በዕድሜም በአገልግሎትም ታላቄ ናት፤ ስጽፍ ባየችኝ ቁጥር «ትዕግሥት፣ ልቦለድ ነው እንዴ የምትደርሺው?» እያለች ታሾፍብኝ ነበር። እስቃለሁ፣ እጽፋለሁ። የጻፈ ሰው አይወድቅም ብዬ አምን ነበር። አይ የኔ ነገር!

የጤና ጣቢያው ኃላፊ መስፍን የሚባል ጤና መኮንን ነው። ሕዝቡ «ዶክተር» ይለዋል፣ እሱም አርሟቸው አያውቅም። መጥፎ ሰው እንዳይመስላችሁ። እጁ ጥሩ ነው፣ በሽተኛ አያመናጭቅም። ችግሩ ኃላፊ መሆኑ ነው። በዚያ በግምገማው ዘመን ኃላፊ የሆነ ሰው በሽተኛ ከሚያይበት ቀን ስብሰባ የሚቀመጥበት ቀን ይበልጣል። ሥልጠና አለ፣ ኮንፈረንስ አለ፣ የሥልጠናው ግምገማ አለ፣ የግምገማው ግምገማ አለ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ጋሽ ወልዴን አመጡልን። ከማንኪራ ወዲህ ካለው ጫካ ነው የመጡት። ንብ አናቢ ናቸው፤ ዛፍ ላይ ቀፎ ሊሰቅሉ ወጥተው ገመዱ ከዳቸውና ወደቁ። ቅልጥማቸው ተሰብሯል። መስፍን አጥንቱን አስተካከለና ከጉልበት በታች ዙሪያውን በጀሶ አሰረው። «እዚሁ ይደሩ፤ ጠዋት አያቸዋለሁ» አለኝ።

ጠዋት ግን የወረዳው መኪና በር ላይ ቆማ ጡሩምባዋን ነፋች። ቦንጋ አስቸኳይ ስብሰባ አለ። መስፍን የሻይ ብርጭቆውን እንኳ ሳይጨርስ ሮጦ ገባባት። በሽተኛውን አላየም። ቅዳሜ ነው፣ ተረኛዋ እኔ ብቻ ነኝ።

በሽተኞች ክፍል ስገባ ጋሽ ወልዴ ጥርሳቸውን ነክሰው አገኘኋቸው። ባለቤታቸው እትዬ አስካለች አማርኛ ብዙ አይሆንላቸውም፤ እግሩን እያሳዩ በእጃቸው ብቻ ይለምኑኛል።

«ሲስተር፣ እግሬ ይነዳል» አሉኝ ጋሽ ወልዴ። «ውስጧ እሳት ገብቷል።»

«ስብራት ያማል ጋሽዬ። ማስታገሻ እሰጥዎታለሁ፤ እግርዎንም ከፍ እናደርገዋለን።»

ማስታገሻውን ሰጠሁ፤ ትራስ ደረብኩ። ጥቂት ቆይቼ ስመለስ ብሷል። ከጀሶው የወጡትን ጣቶች ነካሁ፤ ቀዝቅዘዋል፣ አብጠዋል። ጥፍራቸውን ተጭኜ ስለቅ ደሙ ቶሎ አይመለስም። ትንሿን ጣት ያዝኩና፣

«ስነካዎት ይሰማዎታል?» አልኳቸው።

«የቷን ነው የምትነኪው?» አሉኝ።

ያኔ ገባኝ። እግሩ ውስጥ ውስጡን አብጦ ጀሶው እያነቀው ነው። ቶሎ ካልተከፈተ እግር አይኖርም።

መስፍን ጋ ደወልኩ። ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ። ዝግ ነው። ስብሰባ ላይ ስልክ መዝጋት ግዴታ ነው፤ ስልኩ የጮኸበት ሰው ቆሞ ይገመገማል። ለአምቡላንሱ ሾፌር ደወልኩለት፤ «እኔ ለወላድ ብቻ ነው የተባልኩት፤ ደግሞ አሁን በቢታ ገነት መንገድ ወላድ ይዣለሁ» አለኝ። በር ላይ የቆመ ሞተረኛ ለመንኩና ቦንጋ ላክሁት፤ «አዳራሹ ድረስ ግባ፣ የበሽተኛው እግር እየሞተ ነው በለው» አልኩት። ሰውዬው ዝናብ እየመታው ሄዶ ዝናብ እየመታው ተመለሰ።

«ምን አለህ?»

«መች አገኘሁትና! ዘበኛው አላስገባኝም። አጀንዳው ሳያልቅ ማንም አይጠራም አለኝ።»

የሰው እግር አጀንዳ ውስጥ አልተያዘም ነበር።

ለሲስተር ብርቅነሽ ቤቷ ደወልኩላት። «ጀሶውን ልቅደደው?» አልኳት። «አብደሻል? ያሰረው ይፍታው! ከፍተሽው አጥንቱ ቢንሸራተት በማን ይመጣል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ያለ ትእዛዝ ጀሶ መክፈት የነርስ ሥልጣን አይደለም። ተመልሼ ወደ በሽተኞች ክፍል ስገባ ግን የጋሽ ወልዴ ጣቶች መጥቆር ጀምረዋል።

ከዚያ ወዲያ ማንንም አልጠየቅኩም። እትዬ አስካለች ሞቅ ያለ ውኃ በባልዲ አቀረቡልኝ፤ ጀሶውን አራስን፣ በመቀስና በምላጭ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቅኩት። እጄ ተላጠ። ጀሶው ሲላቀቅ ጋሽ ወልዴ ረጅም ትንፋሽ ለቀቁና «እሰይ፣ ማርያም ትባርክሽ» አሉኝ። ቆዳው አብለጭልጮ ውኃ ቋጥሯል። አውራ ጣታቸው ትንሽ ደም መለሰ፤ ሌሎቹ አልመለሱም።

ሁሉንም ካርዱ ላይ ጻፍኩ። ስልክ መደወሌን፣ ሰው መላኬን፣ ጀሶውን መክፈቴን፣ ለምን እንደከፈትኩት። በማግስቱ አምቡላንሱ ተገኘና ወደ ጅማ ላክናቸው። ጅማ ላይ እግሩ ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

ቤተሰቡ ለወረዳ አቤት አለ። አቤት ማለታቸው ልክ ነው፤ እኔም ብሆን አቤት እላለሁ። ወረዳው ምን አደረገ? አጣሪ ሐኪም ላከ? የለም። ግምገማ ጠራ።

የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ ታምሩ መድረኩን ይዘው ተቀመጡ። እኛ ደግሞ ከዘበኛ እስከ ኃላፊ የክትባት ክፍሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደረደርን። ወጉን የማታውቁት ካላችሁ፣ እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ይነሳል፣ ጠንካራ ጎኑን ቀነስ፣ ደካማ ጎኑን ጨመር አድርጎ ይናገራል፤ ይህ ግለ ሂስ ይባላል። ሌላው ደግሞ ይጨምርበታል፤ ያ ሂስ ነው። በመጨረሻ «ለወደፊቱ አስተካክላለሁ» ይልና ይቀመጣል። ሰው ያላጠፋውን ሁሉ ያጠፋል። ፋርማሲስቱ ሰዓት አላከብርም አለ። ዘበኛው ጋሽ አየለ «አንዳንዴ እንቅልፍ ይጥለኛል» ሲሉ ሁላችንም ሳቅን። መስፍን ተነሳና አንገቱን ደፍቶ «የበታች ሠራተኞችን ክትትል በማጠናከር በኩል ክፍተት ነበረብኝ» አለ። ልብ በሉልኝ፤ ክፍተቱ የራሱ ሆኖ ጥፋቱ የበታቾቹ ሆነ።

ተራዬ ደረሰ። የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። አቶ ታምሩ እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ እያንኳኩ ሰሙኝ።

«ሲስተር፣ ይሄ ሪፖርት ነው። የጠየቅንሽ ግለ ሂስ ነው።»

«የሆነው ይኸው ነው ጌታዬ። ስልክ ዝግ ነበር፣ ሰው ላክሁ፣ አልገባም ተባለ።»

«ተመልከቱ እንግዲህ! ስልክ፣ ዘበኛ፣ አምቡላንስ፣ ስብሰባ። ችግሩን በሙሉ ውጫዊ አደረገችው። የራስሽ ድርሻ የታለ?»

«ጀሶውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ድርሻዬ እሱ ነው።»

«ያለ ትእዛዝ!» አሉና ጣታቸውን ቀሰሩ። «ሂስ አለመቀበል ከጥፋቱ የባሰ ጥፋት ነው። በኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት ነው የምናየው። ሻይ ጠጡና ሲስተር ታስብበት።»

ኪራይ ሰብሳቢ! የምኖረው በኪራይ ቤት ነው እንጂ ከማንም ኪራይ ሰብስቤ አላውቅም።

ሻይ ላይ ሲስተር ብርቅነሽ ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ለምን ታስመሺናለሽ? አንድ ሁለት ድክመት አውጪና እንሂድ።»

«እኔኮ አላጠፋሁም!»

«ማን አጥፍተሻል አለሽ? ግለ ሂስ ውሰጂ ነው የተባልሽው። እኔ አምና አድርባይ ነበርኩ ብዬ ወጣሁ። ምን ሆንኩ? ምንም! ይኸው ደሞዜን እበላለሁ።»

መስፍንም መጣ። ዓይኔን ማየት አልቻለም። «ትዕግሥት፣ ጉዳዩ እዚሁ ይዘጋል። ለማንም አይተርፍም። ቃሌ ነው» አለኝ።

እንግዲህ ፍረዱ። ከክፍሉ ያለ ግለ ሂስ የወጣ ሰው አይቼ አላውቅም። እምቢ ያለች አንዲት ነርስ ነበረች፤ ሥራዋ ሩቅ ጤና ኬላ ሆኖ፣ ስሟም «ሂስ የማይዋጥላት» ሆኖ ቀረ። ደክሞኛል፣ ርቦኛል፣ ከነሱ ጋር ነገም አብሬ መሥራት አለብኝ። ተመልሼ ገባሁና እንዲህ አልኩ፦

«በሽተኛውን በወቅቱ ተከታትዬ ውሳኔ ላይ አለመድረሴ፣ ኃላፊዬንም በአግባቡ አለማሳወቄ የኔ ድክመት ነው። ለደረሰው ጉዳት ኃላፊነቱን እወስዳለሁ። ለወደፊቱ አስተካክላለሁ።»

ተጨበጨበልኝ። አቶ ታምሩ «ይሄ ነው የሚጠበቀው!» አሉና ለሌሎቹ አርአያ አደረጉኝ። ውጤቴ ከሲ ወደ ቢ ከፍ አለ። ቃለ ጉባኤው ዞረ፣ ሁላችንም ፈረምን። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው እውነት ነው፤ ሲያመልጠኝ አልታወቀኝም። ወደ ቤቴ ስሄድ እንዲያውም ቀሎኝ ነበር።

ጉዳዩ እዚያው አልተዘጋም። ዞኑ «በአቤቱታው ላይ ምን እርምጃ ተወሰደ?» ብሎ ጠየቀ፤ ወረዳው ቃለ ጉባኤውን አያይዞ ላከ። ከዞን ወደ ዐቃቤ ሕግ ሄደ። አንድ ቀን ፖሊስ መጣና፣ ክትባት እየሰጠሁ ሳለ መጥሪያ ሰጠኝ። በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ ይላል። ተከሳሽ አንድ ሰው ናት፤ እኔ።

አቶ ታምሩ ቢሮ ሄጄ ጠበቃ እንዲያቆሙልኝ ለመንኩ። «ጥፋቱ የግልሽ መሆኑን በፊርማሽ አረጋግጠሻል፤ መሥሪያ ቤቱ ምን አገባው?» አሉኝ። እሳቸው ናቸው እንግዲህ ያን ዕለት ያጨበጨቡልኝ! መስፍን ደግሞ ስልኩን አያነሳም። ያን ጊዜ እንኳ ስብሰባ አልነበረውም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ብዬ ቦንጋ ወርጄ፣ አንድ ሽማግሌ ጠበቃ ፊት ተቀመጥኩ። ወረቀቶቹን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«የሙያ ኃላፊነት መድን አለሽ?»

«የምን መድን?»

«ኢንሹራንስ፣ ልጄ። በሥራሽ ስትከሰሺ ጠበቃ የሚያቆምልሽ፣ ካሳ ቢፈረድብሽ የሚከፍልልሽ።»

ሳቄ መጣ። አምቡላንሳችን ኢንሹራንስ አላት፤ ብትጋጭ የሚጠግናት አላት። ውስጧ በሽተኛ ደግፌ የምቀመጠው እኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ መኖሩንም አልሰማሁም። ኮሌጅ ውስጥ ማንም አልነገረኝም።

«ቢኖርሽ ኖሮ» አሉ ሽማግሌው፣ «መጀመሪያ የሚሉሽ ነገር፣ ሳታማክሪን ለማንም ጥፋተኛ ነኝ እንዳትዪ ነው። አንቺ ግን ብለሽ፣ አስጨብጭበሽ፣ ፈርመሽ ነው የመጣሽው። እሞክራለሁ እንግዲህ።»

የችሎቱ ቀን ዝናብ ነበር። የዐቃቤ ሕግ አንደኛ ምስክር ጋሽ ወልዴ ናቸው። በክራንች እየተደገፉ ገቡ፤ ሳያቸው አንገቴን ደፋሁ። ማሉና ተጠየቁ።

«ጉዳቱን ያደረሰብዎ ማን ነው?»

ጋሽ ወልዴ በእጃቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

«እሷ አይደለችም» አሉ። «በማርያም፣ እሷ አይደለችም! ስጮህ የመጣችው እሷ ብቻ ነች። በስልክ ስትጮህ ሰምቻለሁ። በእጇ ቀደደችው፣ እጇ ደማ። ሌላ ሰው ፈልጉ።»

ጠበቃዬ ክርኔን ነካ አደረጉኝ። እንባዬ መጣ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ያለ ምስክርነት ሰጥቶልኝ የሚያውቅ ሰው የለም።

ዐቃቤ ሕጉ ቀስ ብለው ተነሱ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ቃለ ጉባኤውን ገልጠው የኔን ቃል፣ የኔን ድምፅ እስኪመስለኝ ድረስ ጥርት አድርገው አነበቡት። «ለደረሰው ጉዳት ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ጋሽ ወልዴ ዞረው አዩኝ። ንባቡ እስኪያልቅ ዓይናቸውን ከኔ አልነቀሉም።

ጠበቃዬ ካርዱን አቀረቡ። ዳኛው ሁለቱንም አገላበጡና፣ «ካርዱን የጻፍሽው አንቺ፤ ይህንንም ያልሽው አንቺ። የትኛዋን ሲስተር ትዕግሥት እንመን?» አሉኝ። ስለ ግለ ሂስ ለማስረዳት ሞከርኩ። «ተገደሽ ነው? ተመትተሻል?» አሉኝ። አልተመታሁም። ሻይ ነው ያጠጡኝ።

ጥፋተኛ ተባልኩ። እስራቱ በገደብ ቀረልኝ፤ የሙያ ፈቃዴ ግን ታገደ። እገዳው አልቆ ስመለስ ጤና ጣቢያው ውስጥ ቦታ የለም ተባልኩ። መስፍን አድጎ ሄዷል።

ዛሬ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሆስፒታል ውስጥ ነው የምሠራው። እናንተ ነጭ ጋዋን የለበሳችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እናንተን ነው የማናግረው። ጻፉ፤ ይህ ሁሉ ቢደርስብኝም ጻፉ እላለሁ። ግን መጻፍ ብቻውን እንደማያድን ከኔ ተማሩ። መድኑ በአካባቢያችሁ ካለ ግቡ፤ ከሌለ ማኅበራችሁን ጠይቁ፣ አስጨንቁ። ከሁሉ በላይ ግን ሰላም ይስፈን ብላችሁ፣ ስብሰባው ይበተን ብላችሁ፣ ያላደረጋችሁትን አደረግሁ አትበሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያጨበጨበላችሁ ሰው ችሎት ላይ አጠገባችሁ አይቆምም። «ግለ ሂስ ቀርቷል» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ስሙ ቀርቶ ይሆናል፤ «ይቅርታ ጠይቂና ይዘጋ» የሚል አለቃ ግን ዘንድሮም አላጣሁም።

የሚያንገበግበኝ ፍርዱ ብቻ ቢሆን እረሳው ነበር። የማይረሳኝ ከችሎቱ በኋላ የሆነው ነው። ከፍርድ ቤቱ ስወጣ ጋሽ ወልዴ ከእትዬ አስካለች ጋር ቆርቆሮው ሥር ተጠልለው እኔን ይጠብቃሉ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በክራንቹ ከለከሉኝ።

«ጥፋትሽ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም ጋሽዬ። እርስዎ አይተዋል።»

«አይቻለሁ። ታዲያ ለምን ነው ያልሽው?»

ስለ ግምገማው ነገርኳቸው። ስለ አግዳሚው ወንበር፣ ስለ ዘበኛው እንቅልፍ፣ ሁሉም ሰው እንደሚለው፣ ተብሎም እንደሚረሳ። ለእትዬ አስካለች በካፊኛ እየተረጎሙ በትዕግሥት ሰሙኝ። እትዬ አስካለች አንድ ነገር አሏቸው፤ ጋሽ ወልዴም ንግግራቸውን ወደ እኔ አዞሩት።

«እሷ የምትለው» አሉ፣ «ይህቺ ልጅ ሹሞቹ ደስ እንዲላቸው ብላ በራሷ ላይ ዋሸች። ይሁን፣ ራሷ ነች። አንተ ግን በማርያም ስም ማልክ፤ አገር ሁሉ አሁን ወልዴ በሐሰት ማለ ይላል። እግርህንም አጣህ፣ ስምህንም አጣህ። እግርህን ማን እንደወሰደው አላውቅም፤ ስምህን የወሰደችው ግን እሷ ነች፣ ነው የምትለው።»

ጥቂት ጠበቁኝ። ምን ልበላቸው? ያን ጊዜ፣ አንድ ጊዜ እንኳ፣ እውነተኛ ግለ ሂስ የምወስድበት ቦታ ላይ ቆሜ ቃል አጣሁ። እትዬ አስካለች ክንዳቸውን ያዙላቸው፤ ዝናቡ እያካፋ ወደ መኪና ተራው ሄዱ።